ወንድሜ ካሴት ባወጣ ሰሞን

እኛ ቤት ሰው ቶሎ አይታመንም። ነገሌ ውስጥ እናቴን በጥርጣሬ የሚበልጥ ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል፤ ግን እሱንም እጠረጥረዋለሁ። ወተት የምታመጣልን ሴት «ዛሬ ጠዋት የታለበ ነው» ስትላት፣ እናቴ ጣቷን ነክራ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቀምስና «የትኛው ጠዋት?» ትላታለች። ሰው መንገድ ላይ ፈገግ ካለላት «ምን ፈልጎ ነው?» ትላለች፤ ፈገግ ሳይል ካለፈ ደግሞ «ምን ሰምቶ ነው?» «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ሌላ ቤት ለጨዋታ ይነገር ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን እንደ ማዕድ ጸሎት ነበር። እኔም ከዚሁ ማዕድ በልቼ ያደግሁ ነኝ።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። አባቴ ወታደር ነበር። ከሰሜን ተነሥቶ ነገሌ ከሰፈረው ጦር ጋር መጣ፤ እናቴን ከአገሯ አስመጣት፤ እኛንም እዚሁ ወለዱን። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት አባቴ ግንባር ነበር፣ እናቴ ደግሞ በታይፎይድ ተይዛ አልጋ ላይ። ከግንባር በእግራቸው የተመለሱ ወታደሮች የአባቴን ነገር ለጎረቤት ነገሩ፤ ጎረቤትም ተማክሮ እናቴ እስክትድን ድረስ እንዳይነገራት ወሰነ። ይህ በእኛ ዘንድ ደግነት ነው፤ የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም። ስለዚህ የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ዝም አለ። ሴቶቹ ሾርባ ይዘው እየመጡ ድምፃቸውን ቀንሰው ያወሩ ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ሆና «ይህ ሰፈር እንዴት ጨዋ ሆነ» ያለችኝ ትዝ ይለኛል።

ሲሻላት አንድ ማለዳ መጥተው ነገሯት። አለቀሰች፣ ደረቷን ደቃች፣ ጥቁር ለበሰች፤ ሐዘኑን እንደ ሰው ተወጣችው። ያልተወጣችው ሌላውን ነው፤ ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ ራሴ አውቅ እንደነበረ ለዓመታት እየመላለሰች ጠይቃኛለች። አላውቅም ነበር፤ እሷ ግን እስከ ዛሬም ሙሉ ለሙሉ አላመነችኝም። ከዚያ ወዲህ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ካናገራት፣ ሬዲዮ በድንገት ከጠፋ፣ ማለዳ በር ከተንኳኳ፣ ፊቷ ይለዋወጣል።

ወንድሜ ያኔ ሕፃን ነበር። ያደገው ነገሌ መንገድ ላይ ነው፤ ኦሮምኛው ከአማርኛው የሚቀድም፣ ሲናደድ በኦሮምኛ፣ ሲያባብል በአማርኛ የሚናገር ልጅ ነበር። ጦሩ ሲበተን የኪነት ቡድኑ መሣሪያዎች እዚህም እዚያም ቀርተው ስለነበር፣ አንድ ጊታር ፀጉር አስተካካዩ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ወንድሜ ፀጉሩን ሊቆረጥ ገብቶ ጊታር ተምሮ ወጣ። ፀጉሩንማ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም።

እናቴ መምህር እንዲሆንላት ነበር የምትፈልገው። «የአባትህ ወገን ቄስ አለው፣ ወታደር አለው፣ ዳኛም አለው፤ አዝማሪ ግን የለውም» ትለዋለች። እሱም አዝማሪ እንዳልሆነ፣ የሚጫወተው ሮክ እንደሆነ ሊያስረዳት ሲሞክር የባሰ ትናደዳለች፤ ስሙን የማታውቀው ኃጢአት ከምታውቀው ይብስባታል። እሺ ብሎ መምህራን ኮሌጅ ገባ። ከዚያ ደግሞ ትምህርቱን አቋርጦ አዲስ አበባ ሄደና ማታ ማታ ክበብ ውስጥ መዝፈን ጀመረ። ይህንን ያወቅነው ለፋሲካ መጥቶ ራሱ ሲነግረን ነው። እናቴ የዶሮውን ሳህን ከፊቱ አንሥታ «ዘፈኑን እስክትተው ስልክ እንዳትደውልልኝ፣ ደጄንም እንዳትረግጥ» አለችው። እልኸኛነቱን ከማን እንደወሰደው ግልጽ ነው፤ በማግስቱ ጊታሩን ተሸክሞ ሄደ፤ ቃሏንም አክብሮ አልደወለላትም።

እኔ ግን የግብርና ቢሮ ታይፒስት ስለነበርኩ አልፎ አልፎ ቢሮ ይደውልልኝ ነበር። ደህና መሆኑን ለእናቴ እነግራታለሁ፤ እሷም «ማን ጠየቀሽ?» ትልና ዞር ብላ እፎይ ትላለች። እስከዚያ ድረስ ከሌሎች ጀማሪዎች ጋር ኮሌክሽን ካሴት ላይ አንዳንድ ዘፈን ነበረው። መጨረሻ የደወለልኝ ጊዜ ግን የራሱን አልበም፣ ከዳር እስከ ዳር የብቻውን፣ እየሠራ መሆኑን ነገረኝ። ድምፁ ውስጥ ያልለመድኩት ደስታ ነበር። ከዚያ የቢሯችን ስልክ ተበላሸ፤ የነገሌ ስልክ አንዴ ከተበላሸ ደግሞ ክረምትና በጋ ይፈራረቁበታል። ድምፁን ሳልሰማ ብዙ ጊዜ አለፈ።

ካሴቱ የመጣው በዚህ መሀል ነው። አንድ ቀን ከቢሮ ስወጣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት በር ላይ ወንድሜ ተለጥፏል፤ ጊታር ታቅፎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ፀጉሩን ትከሻው ላይ ለቆ። ቆምኩ። ሙዚቃው እየጮኸ ነበር፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ይንገጫገጫል፣ ከመሀሉ የወንድሜ ድምፅ ብቅ ይላል። ደስታም ኩራትም እፍረትም አንድ ላይ ያዙኝና አላፊ አግዳሚውን «ወንድሜ ነው» ልበል ወይስ አንገቴን ደፍቼ ልለፍ አላወቅሁም። ገዝቼው ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁት።

ከተማው ወደደው። አንዱ ዘፈን ውስጥ ዱብሉቅ ላይ ለከብት ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚያወጡ ሰዎች የሚቀባበሉትን ዜማ ከጊታሩ ጋር አስገብቶት ነበርና፣ ዘፈን አያዳምጡም የሚባሉ የቦረና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቴፕ አጠገብ ቆመው ሲስቁ አይቻለሁ። ወደ ዶሎ ኦዶ የሚያልፉት የእርዳታ ድርጅት ሾፌሮች እየገዙ ያልፋሉ። ሻይ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጋራዡ፣ ሁሉም የሚከፍተው እሱን ነው። ሁሉም ደግሞ እናቴ ስትመጣ ያጠፋዋል።

የሚያጠፉት አክብረዋት ነበር። ልጇን በዘፈን ምክንያት ከደጇ እንዳባረረች ነገሌ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ በቁስሏ ላይ ጨው ላለመነስነስ ነው። እሷ ግን ካሴት መውጣቱንም አታውቅም። ያየችው የሚከተለውን ብቻ ነው፤ መንገዱ በሙዚቃ ይናጋል፣ እሷ ብቅ ስትል ዝም ይላል፣ ሰዎች በአክብሮት ዝቅ ብለው ሰላም ይሏታል፣ ካለፈች በኋላ ከኋላዋ ይንሾካሾካሉ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ተመልሳ ዘንቢሏን እንኳ ሳታወርድ «ሰፈሩ እንደገና ጨዋ ሆኗል» አለችኝ። እኔ ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የአባቴ መርዶ ተደብቆባት ሳለ የተናገረችው ቃል ነበር።

ልቧ እንዲረጋጋላት ብዬ እውነቱን ነገርኳት። ካሴቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት። አልነካችውም። «የዘፈን ዕቃ ከፊቴ አንሽ» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ለምሳ ስመጣ ግን በሩን ዘግታ፣ የድሮውን ባለ ባትሪ ቴፕ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጆሮዋን ደቅና አገኘኋት። ከቴፑ የሚወጣው ድምፅ የተጎተተ፣ የወፈረ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

«ይህ የማን ድምፅ ነው?» አለችኝ።

የልጅሽ ነው አልኳት። የልጇን ድምፅ የማታውቅ ይመስለኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባትሪው ደክሞ ነው የሚጎትተው ብያት ሮጬ አዲስ ባትሪ ገዛሁና ለወጥኩ። አሁን ደግሞ ፈጠነ፣ ቀጠነ። ወንድሜም ሮክ ብሎ ጉሮሮውን አሻክሮታል፤ ስቱዲዮው በላዩ ላይ ማስተጋቢያ ጨምሮበታል። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችውና «ቅድም ሽማግሌ ነበር፣ አሁን ጎረምሳ ሆነ። እናንተ ስንት ሰው ነው የምታመጡልኝ?» አለችኝ። እናንተ ስትል እኔንም ከሰፈሩ ጋር ደምራኝ ነው።

ከዚያ ሽፋኑን አነሣች። ለምን ዓይኑን ሸፈኑት አለች። የዘፋኞች ፋሽን ነው አልኳት። ሸሚዙን በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ ኮሌጅ ሲገባ እሷ ራሷ የገዛችለት ሸሚዝ ነበር። ስለዚህ ፎቶው የድሮ ነው፤ ስለዚህ አሁን ሊያነሡት አልቻሉም፤ ለምን አልቻሉም? እናቴ አንድ ነገር ከያዘች እንደ ዓቃቤ ሕግ ነው የምትሄደው። ልጇ ሞቷል፤ ጓደኞቹ በድሮ ፎቶውና በሰው ድምፅ ካሴት አውጥተውለታል፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። እኔ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ታስቢያለሽ ብዬ ተቆጣኋት። ምሳዬን ግን አልበላሁም።

ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ አንድ ቤት ከገባ ሁሉን ያዳርሳል። በማግስቱ ቴሌ ሄጄ ወንድሜ ተከራይቶበት ወደነበረው አዲስ አበባ ቤት ደወልኩ። ያነሡት አከራይዋ ናቸው። ዕቃውን ይዞ ከወጣ መሰንበቱን ነገሩኝ። እኔ ማን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ እህቱ ነኝ፣ ከነገሌ ነው የምደውለው አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ እኔ ከምነግርሽ ከሌላ ሰው ብትሰሚው ይሻላል» አሉኝና ዘጉ። ከስልክ ሳጥኑ ወጥቼ የከፈልኩትን መልስ ሳልቀበል ሄድኩ።

በወደራ በኩል የሚመጣውን አውቶቡስ ሾፌር ጠየቅሁት፤ አዲስ አበባ ሲያድር ወንድሜን እንደሚያገኘው አውቅ ነበር። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለኝና ጎማውን ሊያይ ጎንበስ አለ። አንዴ ደህና ነው ቢል አምነው ነበር። ከአጥራችን ማዶ ያለችው የእናቴ ወዳጅ ደግሞ ውኃ ስቀዳ ጠጋ ብላ የእናቴ ልብ እንዴት እንደሆነ፣ ድንገተኛ ነገር ይከብዳት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን ዓይነት ድንገተኛ ነገር ብዬ ዓይን ዓይኗን ሳያት እንዲያው ነው አለችኝ።

መጨረሻ ላይ የቀሩኝ ከእኛ ሁለት አጥር አልፈው የሚኖሩት የቦረና ሽማግሌ ናቸው። ከብት ነጋዴ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ወዳጆች ነበሩ፤ ውሸት ሲናገሩም ሰምቼ አላውቅም። ቤታቸው ሄጄ ስለ ወንድሜ የሰሙት ነገር እንዳለ ጠየቅኋቸው። «ናጋ፣ ናጋ» አሉኝ፤ ሰላም ነው፣ ሰላም ነው። ነገሌ ላላደገ ሰው ይህ ያጽናና ይሆናል። በቦረና ወግ ግን ሰው የሚያናግረው በናጋ ነው፤ ከብቱ አልቆ እንኳ ናጋ ነው፣ ቤተሰቡ ታሞ እንኳ ናጋ ነው፤ ሰላምታው ተሟልቶ ካለቀ በኋላ ነው ክፉው ነገር ተራውን ጠብቆ የሚነገረው። ሽማግሌው ናጋ ብለው ዝም አሉ። ከናጋው በኋላ የሚመጣውን አልጨመሩልኝም።

ያን ሰሞን እኔና እናቴ አንድ ቤት ውስጥ ስንጠባበቅ ሰነበትን። እሷ እኔን ትጠብቃለች፣ አውቄ የደበቅኋት መስሏታል። እኔ እሷን እጠብቃለሁ፣ እንዳትወድቅብኝ። ጥቁር ቀሚሷን ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ለምን እንደምታሰጣው ስጠይቃት ብል እንዳይበላው ነው አለችኝ።

አንድ ማለዳ ግቢ እየጠረግሁ ቀና ስል ከአጥሩ ውጭ ሰዎች ቆመዋል። ፊት የቆሙት የነፍስ አባታችን ናቸው፣ ከኪዳን በቀጥታ የመጡ፣ ነጠላቸው እንደተጣፋ። አጠገባቸው የቦረናው ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈዋል። ከኋላቸው የእናቴ ወዳጅ የተሸፈነ ሌማት ይዛለች። ንፍሮ ነው አልኩ በልቤ። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። መርዶ ነጋሪ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ማልዶ፣ ቄስና ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ሴት አስከትሎ። ሮጬ በሩን ልዝጋው ብዬ አሰብኩ። በሩን ብዘጋው ያልተነገረ ነገር ያልሆነ ይሆናል የሚል የሕፃን ሐሳብ ነበር የመጣልኝ፤ ሳልደርስበት ግን እናቴ ቀደመችኝ።

እናቴ በር ላይ ወጣች። ፀጉሯን እንኳ አልሸፈነችም። ማንም እስኪቀመጥ አልጠበቀችም፣ ግቡም አላለችም። ዓይኗ ከቄሱ ወደ ሌማቱ፣ ከሌማቱ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ቄሱ መስቀላቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሲልኩ፣ ሽማግሌው በወጋቸው ሰላምታቸውን ጀመሩ።

«ሃደ ጉርባ፣ አካም ቡልቴ? ናጋ ቡልቴ?» አሏት። የልጁ እናት፣ እንዴት አደርሽ፣ በሰላም አደርሽ ወይ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀጠሉ። ቤቱ ናጋ ነው ወይ? ሰፈሩ ናጋ ነው ወይ? በተለመደው አረማመዳቸው፣ አንዱንም ሳይዘሉ።

«ኢጆሌን ናጋ?» አሏት። ልጆቹስ ሰላም ናቸው?

እናቴ ደጃፉ ላይ ወደቀች። የጮኸችውን ጩኸት በቃል ልገልጸው አልችልም፤ የአባቴ መርዶ ቀንም እንደዚያ አልጮኸችም። ስሙን እየጠራች መሬቱን በእጇ ትደበድብ ጀመር። እኔም አብሬያት ወደቅሁ። ቄሱ «ኧረ ልጄ፣ ቆይ፣ ስሚኝ» እያሉ ዙሪያዋን ይዞራሉ፤ ሽማግሌው በሁለት ቋንቋ «ናጋ ነው፣ ናጋ ነው» እያሉ ዱላቸውን ጣሉት፤ ያች ወዳጇ ሌማቱን አስቀምጣ ልታነሣት ስትሞክር እናቴ ትገፈትራታለች። ማን ማንን ሊሰማ ነው? ጩኸት በነገሌ ማለዳ ሩቅ ይሄዳል። ሰፈሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ከየቤቱ ወጣ። ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ከእናቴ አፍ ሰምቶ ሁሉም የወንድሜን ስም እየጠራ ማልቀስ ጀመረ። ትናንት ማታ ካሴቱን ሲያስጮህ የነበረው ልብስ ሰፊ አጥሩን ይዞ «እንዲህ ያለ ድምፅ አፈር ይብላው» እያለ ሲያለቅስ ሰማሁት።

ወንድሜ ያን ጊዜ ሽማግሌው ቤት ተቀምጦ ነበር። ዋዜማውን በወደራው አውቶቡስ ነው የመጣው። ካሴቱ ሲወጣለት መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከእናቱ የሚያስታርቁትን ሽማግሌዎች መላክ ነበር፤ መልእክቱን ያደረሰው ሾፌርም፣ ሲወጣ የነገራቸው አከራይም፣ ጎረቤታችንም የደበቁን ይህንን ነው፤ ቀድሞ ከተነገራት በሩን ትዘጋበታለች ብለው። ሽማግሌ ለዕርቅ ማልዶ ነው የሚሄደው። መርዶም ማልዶ ነው የሚሄደው። እናቴ ቤት በዚያ ሰዓት ቄስ ይዞ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላቸው ማንም አላሰበውም። ሌማቱ ውስጥ የነበረው ለዕርቁ የተጋገረ ዳቦ ነው።

እሱ «ና፣ ግባ» የሚለውን ጥሪ እየጠበቀ ሳለ ከእናቱ ቤት ዋይታ ሰማ። የመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ስታይ ልቧ ቆመ፣ እናቴን ገደልኳት። ባዶ እግሩን፣ በካናቴራ፣ ያንን ፀጉሩን እየበተነ መጣ። እየጮኸ የለቀስተኛውን መሀል ሰንጥቆ ሲገባ፣ የሚያለቅሱለት ሰዎች ዞር ብለው አዩት። አንዷ አማተበች። ሁለት ሴቶች እየጮሁ ወደ አጥሩ ሸሹ። ልብስ ሰፊው አፉን ከፍቶ ቀረ። ወንድሜ ማንንም አላየም፤ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ ደጃፉ ድረስ መጥቶ እሷን አፈር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ስታየው አገኛት።

ፊቷ ተንበረከከ። ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ እናቴ በመዳፏ ደረቱን ገፍታ አቆመችው። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ከስቷል፣ ጺም አውጥቷል፣ ድምፁም ከልቅሶው የተነሣ ተዘግቷል። «እኔ ነኝ እማዬ» የሚለው ሲንሾካሾክ እንጂ ሲናገር አይመስልም ነበር። እናቴ ወደ ቄሱ ዞረች።

«ይህ ደግሞ ማን ነው?» አለቻቸው።

እኔ በዚያ ቅጽበት አለቀላት፣ አበደችብኝ ብዬ ነበር። ዓይኗን ሳይ ግን ያበደ ሰው ዓይን አልነበረም። የተጨነቀ ሰው ዓይን ነበር፤ አንዴ ካመነች በኋላ እንደገና ቢወሰድባት የማትችል ሰው። ቄሱ ልጅሽ ነው ብለው ማሉላት። የማንም መሐላ አላሳመናትም። ወደ ወንድሜ ተመለሰችና ትኩር ብላ አየችው።

«ዝፈን» አለችው።

ወንድሜ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። እኔም የሰማሁትን ተጠራጠርኩ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ልጄ፣ እዚህ ሕዝብ መሀል፣ ደግሞም ለቀስተኛ ፊት፣ ብለው ሲጀምሩ የቦረናው ሽማግሌ ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው። «አባ፣ ይተዉት፣ ይዝፈን» አሏቸው። «ላም ጥጃዋን በድምፁ ታውቀዋለች።»

ወንድሜ ዞር ብሎ ሕዝቡን አየ። አዲስ አበባ ክበብ ውስጥ፣ ስንት የማያውቀው ሰው ፊት ቆሞ ያልፈራ ልጅ፣ አንገቱን ደፋ። ጀመረ፤ ድምፁ ተሰበረበት። እንደገና ጀመረ። የካሴቱን የመጀመሪያ ዘፈን ነበር፤ ያንን እንደ ወፍጮ የሚንገጫገጨውን። ጊታሩ ሲወጣለት፣ ከበሮው ሲወጣለት፣ ማስተጋቢያው ሲወጣለት ከሥሩ የቀረው ቀጭን ዜማ ነበርና እኔም ገና ያን ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ማስተካከል ይኑርባቸው አይኑርባቸው ሳያውቁ ቆመው ሰሙት። አላወቅሁትም ብትል ምን ይሆናል የሚለውን ብቻ ነበር የማስበው።

እናቴ ተነሥታ ተጠጋችው። ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ጉሮሮው ላይ አደረገች፤ ድምፁ ከሌላ ቦታ እንደማይመጣ ለማረጋገጥ። እሱ እንባውን እየዋጠ ዘፈነ። ሲጨርስም እጇን አላነሣችም።

«ድገመው» አለችው።